ሆላንዶችን ሳትቀየሙ ለመልመድ፦ ከወሎ ለሚሄድም፣ እዚህ ሆኖ ለሚቀበላቸውም

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ስለ ሆላንድ ወሬ ከተነሳ መጨረሻው የታወቀ ነው። «ስስታሞች ናቸው፣ እንግዳ አይወዱም፣ ሰው ያዋርዳሉ፣ ሁሉም ሐሺሽ ያጨሳል፣ ጤፋችንንም የወሰዱት እነሱ ናቸው።» ይሄን ሰምቶ የሚሄድ ልጅ እዚያ ሲደርስ የሚያየውን ሁሉ በዚሁ ይመዝነዋል። ትንሽ ነገር ሲሻክርበት «ይኸው፣ ብለውኝ ነበር» ይላል። ከዚያ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ ይጀምራል።

እኔ እዚያ ተምሬ ነው የመጣሁት። አሁንም ለትምህርት ወይም ወደ ቤተሰብ የሚሄዱ ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ብዙዎቹን የሚጎዳቸው ብርዱ ሳይሆን ቅያሜው ነው። ቅያሜው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊቀር ይችል ነበር።

በነገራችን ላይ አገሩ በወረቀት ላይ ኔዘርላንድስ ነው የሚባለው፤ ሆላንድ ከ12ቱ ክፍለ ሀገራት የሁለቱ ስም ነው። እዚህ ሁላችንም ሆላንድ ስለምንል እኔም እንደዚያው እላለሁ፤ ቅጽ ስትሞሉ ግን ኔዘርላንድስ በሉ።

ስለ ብስኩቱ

«ቤታቸው ሄደህ አንድ ብስኩት ነው የሚሰጡህ» የሚለው ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቡና ይቀዳል፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ይከፈታል፣ አንድ ታነሳላችሁ፣ ክዳኑ ይገጠማል። በአንዳንድ ሽማግሌዎች ቤት ዛሬም እንዲህ ነው። ወሎ ላይ ቡና ማለት ዕጣን የሚጨስበት፣ ቆሎው የሚቆረጠምበት፣ ዱዓው የሚደረግበት፣ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ የሚጨዋወቱበት ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ስናይ ሆዳችን ቅር ይለዋል። ግን ስስት ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱ ቤት ትኩስ ምግብ በአብዛኛው በቀን አንዴ ነው የሚበላው፣ እሱም ራት ነው፣ በኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ገደማ። ቁርስና ምሳ ዳቦ ነው። ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባና አይብ ወይም ሥጋ ይደረግበታል፣ ልጆቹ ደግሞ ጥቃቅን የቸኮሌት ፍርፋሪ ይነሰንሱበታል፤ አዋቂዎቹም ይበሉታል፣ አትገረሙ። ራቱ የሚሠራው በሰው ቁጥር ነው። አራት ሰው ካለ አራት ቁራጭ ሥጋ፣ ለአራት ሰው የሚሆን ድንች። እኛ ዘንድ ወጡ ሲሠራ «ሰው ይመጣል» ተብሎ ነው፤ አምስተኛ ሰው ቢመጣ እንጀራ ይጨመራል እንጂ ማንም አይጨነቅም። እዚያ አምስተኛ ሰው ሳይናገር ከመጣ ባለቤቷ የምታቀርበው ስለሌላት የምታፍረው እሷ ናት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ድንገት አትሂዱ። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብመጣ ይመቻችኋል?» ብላችሁ መልእክት ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ቀን ቢሰጧችሁ አትቀየሙ፣ የገዛ እናታቸውንም ቀጠሮ ይዘው ነው የሚጠይቁት። ለቡና ነው ወይስ ራትም አለ ብላችሁ ጠይቁ፤ እዚህ ቢሆን የሚያሳፍር ጥያቄ ነበር፣ እዚያ ግን ነገር ማቅለል ነው። ለቡና ብቻ ከሆነ ከራት ሰዓት በፊት ተነሱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ትንሽ እቅፍ አበባ ይበቃል።

ትልቁ ምክሬ ግን ይሄ ነው። ሲያቀርቡላችሁ በመጀመሪያው ተቀበሉ። እኛ «ኧረ በልቻለሁ» ብለን «በሞቴ!» እስክንባል እንጠብቃለን። እዚያ «በሞቴ» የሚል የለም። አልፈልግም ካላችሁ ሳህኑ ይነሳል። እናንተ እየራባችሁ «አላከበሩኝም» ትላላችሁ፣ እነሱ ደግሞ ቃላችሁን ሰምተው እንዳከበሯችሁ ያምናሉ። ሁለቱም ወገን ክፉ አላሰበም።

ደግነታቸውን ማየት ከፈለጋችሁ ማዕዱ ላይ ብቻ አትፈልጉት። ከአዋቂው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ያለ ክፍያ በሆነ ነገር ያገለግላል፤ አንዱ ለአዲስ ገቢ ቋንቋ ያስተምራል፣ ሌላው አዛውንት ሐኪም ቤት ያደርሳል። ቤት ስትቀይሩ ዕቃ የሚሸከምላችሁ፣ ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ ሲያስጨንቃችሁ ቁጭ ብሎ የሚያነብላችሁ ጎረቤት ታገኛላችሁ። ግን ንገሩት። ሳትነግሩት ይገባዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሂሳብን በተመለከተ፣ አብራችሁ በልታችሁ በማግስቱ የድርሻችሁን ክፈሉ የሚል መልእክት በስልካችሁ ቢመጣ ስድብ አይደለም። ቲኪ የሚባል መተግበሪያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የነሱ ባንክ ያወጣው ነው፣ ሁሉም ይጠቀምበታል። በዚያው ቀን ክፈሉና ዝጉት። መጋበዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከመቀመጣችሁ በፊት «ዛሬ በኔ ነው» በሉ፣ ደስ ይላቸዋል።

ፊት ለፊት መናገራቸው

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሰበራል። ወሎ ላይ ነገር ይለሰልሳል። «አብሽር»፣ «ምንም አይልም»፣ «እናየዋለን» እያልን ነው ያደግነው፣ አንድን ሰው ሥራህ አልረባም ለማለት ግማሽ ሰዓት እንዞራለን። ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ሊማር የሄደ ልጅ (ከኢትዮጵያ ብዙ ሰው እዚያ ተምሯል) የጽሑፉ ምዕራፍ በቀይ ተሞልቶ ይመለስለታል። መምህሩ ፊቱ ላይ «ይሄ ክፍል ደካማ ነው፣ እንደገና ጻፈው» ይለዋል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስደውም። ያው መምህር በማግስቱ ኮሪደር ላይ ሲያገኘው ፈገግ ብሎ ቡና እንጠጣ ይለዋል፤ ልጁ ግራ ይገባዋል። መምህሩ የተናገረው ስለ ወረቀቱ ነው፣ ስለ ልጁ አንድም ቃል አልወጣውም።

እንዲህ ሲገጥማችሁ አትከራከሩ፣ ይቅርታም አታብዙ። «የቱ ጋ ነው የከፋው? ምን ልጨምርበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ደስ ብሏቸው ያሳዩአችኋል። እናንተም ካልተስማማችሁ ተናገሩ። ስብሰባ ላይ ታናሽ ነኝ ብሎ ዝም ያለ ሰው እንደ ጨዋ አይታይም፣ ወይ የተስማማ ወይ ያልተዘጋጀ ነው የሚመስላቸው። ላትሠሩት ነገር ደግሞ «እሺ» አትበሉ። «እሺ» ካላችሁ ቀኑን ቆጥረው ይጠብቃሉ፤ ቀኑ ሲያልፍ የሚያዝኑት በሥራው መዘግየት ሳይሆን ቃላችሁ ባለመያዙ ነው።

መምህሩን በስሙ ጥሩኝ ሲላችሁ ጥሩት። አንቱና ጋሼ ለለመደ አንደበት ይከብዳል፣ ይገባኛል፤ እዚያ ግን መከበር ያለው በሰዓት መድረስ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ከዘገያችሁም ደውሉ።

ውሃውና ሜዳው

«ሜዳ መሬት፣ ለም አፈር፣ ሳይለፉ የበለጸጉ» ሲባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አውሮፓ ውስጥ ያለው የሆላንድ መሬት ከፍተኛው ጫፍ 322 ሜትር ነው። ከመሬቱ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ግድቡና የውሃ መሳቢያው ባይኖር ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ1953 አንድ ሌሊት ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ገባና 1,836 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው በደቡብ ምዕራብ በኩል እነዚያን ግዙፍ የባሕር መዝጊያዎች መሥራት የጀመሩት። ፍሌቮላንድ የሚባለው ክፍለ ሀገራቸው አብዛኛው መሬቱ ከውሃ ሥር የወጣ ነው። ውሃውን የሚያስተዳድሩ 21 ምክር ቤቶች አሉ፣ ሕዝብ የሚመርጣቸው፤ የዚህ አሠራር ሥሩ እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል። ግድቡ ከፈረሰ ሀብታሙም ድሃውም ይሰምጣል፣ ስለዚህ ቁጭ ብለው ሳይስማሙ አይነሱም። ስብሰባቸው ሲረዝምባችሁ ይሄን አስቡት።

እነሱም ስለኛ የተሳሳተ ነገር ይዘዋል። በዕድሜ የገፉት ኢትዮጵያ ሲባል ትዝ የሚላቸው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም የወጣው የቴሌቪዥን ምስል ነው። «አሁን ምግብ አለ?» ብለው ይጠይቋችኋል። ያማል፤ እኔንም አሞኛል። ግን ያኔ ልጅ ሆነው ከኪሳቸው ሳንቲም ያዋጡ ሰዎች ናቸው። ተረጋግታችሁ ንገሯቸው፣ የሐይቅን ሎጎ ሐይቅ፣ የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች፣ የቤታችሁን ማዕድ በስልካችሁ ያለውን ፎቶ አሳዩአቸው። እኛን በአንድ ምስል እንዲያዩን ካልፈለግን እኛም እነሱን በአንድ ብስኩት አንይ።

ጤፉ

ይሄ ወሬ ቁጣ ያለበት ነው፣ ቁጣውም ትክክል ነው። ግን በትክክል እናውራው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ዘር ላይ ስምምነት ተፈራርማ ነበር። ኩባንያው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የራሴ ፈጠራ ነው ብሎ በፓተንት፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት በሚከለክል መብት ያዘ። እናቶቻችን ስንት ዘመን የሠሩትን ማለት ነው። ይሄን ፓተንት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ ያደረገው ግን ዘ ሄግ ያለው የሆላንድ ፍርድ ቤት ነው፤ ፓተንቱ ልክ አይደለም ብሎ የተከራከረውም ሌላ የሆላንድ ድርጅት ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ከተነሳ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገሩ። ብዙዎቹ ሆላንዶች ሰምተውትም አያውቁ፣ ሲሰሙ ያፍራሉ። እዚያ የበቀለ የጤፍ ዱቄት በሱቅ ይገኛል፣ ውድ ነው እንጂ እንጀራ ይወጣዋል።

ቶሎ ቶሎ

ሐሺሽ ሕጋዊ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። በሕግ የተከለከለ ሆኖ፣ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች 18 ዓመት ለሞላው ሰው እስከ 5 ግራም ሲሸጡ መንግሥት አይከስም። አብዛኛው ሰው ደጃፋቸውን አይረግጥም። ኮፊ ሾፕ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት እሱ ነው፤ ቡና የጠማው ካፌ ይግባ።

ሃይማኖት የላቸውም? ከግማሽ በላዩ የለኝም ይላል፣ እውነት ነው። ግን ኡርክና ስታፕሆርስትን የመሳሰሉ ቦታዎች እሑድ ጭር ይላሉ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመቶ አምስት ያህሉ ሙስሊም ነው። በትልልቅ ከተሞች የቱርክና የሞሮኮ ሰዎች የሚነግዱበት የሐላል ሥጋ ቤት አታጡም። ጿሚ ክርስቲያንም የጾም ምግብ በየሱፐርማርኬቱ አለለት። ስለ ጾማችሁ ይጠይቋችኋል፣ አንዳንዴ ደረቅ አድርገው። ለማወቅ ነው፣ መልሱላቸው።

የእንጨት ጫማ? ጥቂት ገበሬና አትክልተኛ ነው የሚያደርገው።

ቢስክሌት የድሃ ነው የምትሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ማርክ ሩተ በቢስክሌት ቢሮ ይገባ ነበር። ከሕዝቡ ቁጥር የቢስክሌቱ ይበልጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ተለማመዱ፣ የደሴ ዳገት አይሆንም፣ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ሜዳ ላይ። ማታ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። እየነዱ ስልክ መያዝ ያስቀጣል። ቀዩ አስፋልት የቢስክሌት መንገድ ነው፣ በእግር አትሂዱበት። በቁልፉ ጎማውን ብቻ ሳይሆን አካሉንም አያይዛችሁ ከብረት ጋር እሰሩት፣ ሌባ እዚያም አለ።

ሐኪሞቻቸው «ፓራሲታሞል ውሰድ» ብለው ይመልሳሉ የሚባለው ብዙ ሰው ያስቆጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሰፈራችሁ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ትመዘገባላችሁ፣ ሆስፒታል የሚልካችሁ እሱ ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፣ ሐኪሙም ቶሎ አያዝም፣ ጀርሞቹ መድኃኒቱን እንዳይለምዱት ነው። ስትሄዱ «አሞኛል» ብቻ አትበሉ። መቼ እንደጀመረ፣ ምን መሥራት እንዳቃታችሁ፣ ምን እንደፈራችሁ ዘርዝሩ። እንደኛ አገር «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ደህና ናችሁ ብሎ ይሸኛችኋል። ድንገተኛ ከሆነ 112 ነው።

ሁሉም እንግሊዝኛ ስለሚችል ቋንቋቸውን መማር አያስፈልግም የሚል ምክር አትስሙ። ለሥራና ለጎረቤት ያስፈልጋል። ወደ ባል ወይም ወደ ሚስት የሚሄድ አብዛኛው ሰው ከመነሳቱ በፊት አዲስ አበባ ኤምባሲው ፈተና ይወስዳል፦ ንባብ፣ ንግግርና ስለ አገሩ እውቀት። እዚያ ደርሳችሁ ስትሞክሩ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩባችኋል፤ ሊያግዙ ነው። «በናንተ ቋንቋ እንቀጥል» በሏቸው፣ ቀስ ብለው ያወራሉ።

እነሱ ወደኛ ሲመጡ

አሁን ደግሞ እናንተ ባለቤት ናችሁ። ቡናው ሦስት ዙር መሆኑን ከመጀመሪያው ንገሯቸው፣ ሰዓትም እንደሚወስድ። ካልነገራችኋቸው አቦልን ጠጥተው አመስግነው ይነሳሉ፤ አክብረዋችሁ ነው፣ እንዳያስቸግሩ። ከዱዓው በፊት ምን እንደሚደረግ ሹክ በሏቸው፣ በአክብሮት ይቀመጣሉ። በቃኝ ካሉ በቃቸው፣ ሳህን ላይ አትቆልሉ። ጉርሻ ከማጉረሳችሁ በፊት ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ምን ማለት እንደሆነ ሲገባቸው አፋቸውን ይከፍታሉ። «በርበሬው በዛ» ካሏችሁ ወጡን እንጂ እጃችሁን አልነቀፉም። ለማግስቱ ስትቀጥሯቸው የኛንም የነሱንም ሰዓት ጻፉላቸው፣ ጠዋት 3 ሰዓት በነሱ 9 ነው፤ መኪናው የሚዘገይ ከሆነም ማታውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።