የኢትዮጵያ ዲግሪን አሜሪካ ውስጥ ኢቫሉዌት ማስደረግ እንዴት ይቻላል?

አገር ቤት በዲግሪው ሲሠራ የኖረ ሰው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሲደርስ ታክሲ መንዳት ወይም አረጋውያንን መንከባከብ ይጀምራል። ነውር የለውም፤ የቤት ኪራይ ጊዜ አይሰጥም። ጎን ለጎን ግን ዲግሪውን የማስገምገሙን (ኢቫሉዌት የማስደረጉን) ጉዳይ ማስኬድ ይቻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የግምገማ ወረቀቱን የሚፈልገው ማን እንደሆነ እወቁ። ለብዙ ቀጣሪዎች ዲግሪው ከአሜሪካው ጋር እኩል መሆኑን የሚገልጸው አጭሩ ግምገማ ይበቃል። ትምህርት መቀጠል የሚፈልግ ሰው ግን እያንዳንዱ ኮርስ የተዘረዘረበትን፣ ዋጋውም ከፍ ያለውን ይጠየቃል። ነርስ ከሆናችሁ ፈቃድ የሚሰጠው የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነውና የማንን ግምገማ እንደሚቀበል ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተናም አለ። ሐኪሞች የሚያልፉት ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ በሚያረጋግጠው በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ነው፤ ዩኤስኤምኤልኢ ከሚባሉት የሐኪሞች ፈቃድ ፈተናዎች በኋላም ሬዚደንሲ፣ ማለትም የሆስፒታል ሥልጠና፣ ይጠብቃቸዋል። ግምገማ የሙያ ፈቃድ አይደለም። ይህን ሳይለዩ ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ አሉ።

ለአጠቃላይ ግምገማ እንደ ደብሊውኢኤስና ኢሲኢ ካሉ፣ ናሴስ የሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበር አባል ድርጅቶች አንዱን ምረጡ። ማመልከቻው ኦንላይን ስለሆነ አያስቸግርም።

ዋናው ጣጣ ያለው አገር ቤት ነው። ገምጋሚው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው በእጃችሁ ያለውን ኮፒ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አሽጎ በቀጥታ የሚልከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የኮስት ሼሪንግ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ደግሞ ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም፤ በእጁ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ነው። ስለዚህ ቪዛው በሂደት ላይ እያለ ዕዳውን ጨርሱ፣ ኦሪጅናሉንም አውጡ። ሳትጨርሱ ከወጣችሁ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ለምታምኑት ዘመድ ውክልና ላኩ፤ ውክልናው ላይ ዲግሪና ትራንስክሪፕት ማውጣትን፣ ዕዳ መክፈልንም በግልጽ አስጽፉ። «ጉዳዬን ሁሉ» የሚል ጥቅል ቃል ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሊያስመልሰው ይችላል። ተወካዩ የማመልከቻ ቁጥራችሁን ፖስታው ላይ ማስጻፍ አይርሳ፤ ያለዚያ ከፋይላችሁ ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል።

ስማችሁንም አስተያዩ። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲኤስ»፣ ዲግሪው ላይ በ«ቲ» ብቻ ተጽፋ ትገኛለች። ልዩነት ካለ ማመልከቻው ላይ ሁለቱንም ስሞች አስመዝግቡ፤ ማስረጃ ከተጠየቃችሁም አዘጋጁ።

ውጤቱ ሲመጣ ሲቪያችሁ ላይ ከዲግሪው ጎን «ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል» ብላችሁ አስገቡ። አፕዋርድሊ ግሎባል የተባለው ድርጅት አሜሪካ ውስጥ መሥራት ለተፈቀደላቸው ስደተኛ ባለሙያዎች ሥራ ፍለጋው ላይ በነጻ ያግዛል። የሜሪላንድ ነርሶች ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለውን ዌልካም ባክ ሴንተር ቢጠይቁ ጥሩ ነው፤ ውጭ ለተማሩ የጤና ባለሙያዎች የተቋቋመ ነው።