አየርላንዳዊት ተዋናይትን ከሥር ከሥሯ ለመከታተል

የአንዲት ተዋናይት ስም ድንገት በየቦታው ሲነሳ ብዙ ሰው «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ይላል። እኔ ጥያቄውን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ከየት እንደመጣች ማወቅ ይቻላላ! ለአየርላንድ ተዋናዮች ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። አገሩ ትንሽ ነው። ትወና የሚያስተምሩት ትልልቅ ቦታዎች፣ ዋና ዋናዎቹ ቲያትር ቤቶች፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር ነው። ገጹን በአምስት ክፈሉት፦ ዓመት፣ ሥራው፣ የያዘችው ገጸ ባሕርይ፣ ዳይሬክተሩ፣ አብሯት የሠራ ሰው። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ እኔ ግን ወረቀት እመርጣለሁ፤ የዓመታቱ ርቀት በዓይን ይታየኛል። ደግሞ ባዶ ዓመት አትዝለሉ። ምንም ያልሠራችበትን ዓመት ጻፉና ፊት ለፊቱን ክፍት ተዉት። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እጃችሁን ለማፍታታት ብዙ ርቀት የሄደች ተዋናይት ምረጡ። የኔ ምርጫ ሩት ነጋ ናት። የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት። በአራት ዓመቷ ወደ አየርላንድ ሄደች፤ ልጅነቷን ሊመሪክ አሳለፈች። ትወና የተማረችው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ዛሬ ጀማሪ ናት የሚላት የለም። ለልምምድ የምትመቸውም ለዚህ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታይ መንገድ አላት።

አሁን መስመሮቹን ሙሉ። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተስፋ ከተጣለባቸው ወጣት የአውሮፓ ተዋናዮች ጋር «ሹቲንግ ስታር» ተብላ ተመረጠች። በ2010 የአየርላንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ አርቲኢ ባቀረበው «ላቭ ሄት» በተባለው የወንጀል ድራማ ላይ ሮዚን ሆነች። በ2011 ለቢቢሲ ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ተጫወተች። በ2016 «ላቪንግ» ወጣ፤ በ2017 በዚሁ ፊልም ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ታጨች። ከበርሊን እስከ ኦስካር ቁጠሩት፦ ከአሥር ዓመት በላይ! ይህን ርቀት በገዛ እጁ የጻፈ ሰው «ድንገት ብቅ አለች» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ላቪንግ» እውነተኛ ታሪክ ነው። ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ በሚከለክል ሕግ የተነሳ ከቨርጂንያ የተባረሩ ባልና ሚስት በ1967 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይረታሉ። ሩት ሚስትየዋን ሚልድረድን ሆና ትጫወታለች። የስልክ ትዕይንቶቹን ለይታችሁ ሁለት ጊዜ እዩልኝ። በመጀመሪያ እንደማንኛውም ተመልካች። በሁለተኛው ግን ከወዲያኛው ጫፍ የሚያወራውን ሰው እርሱትና ስታዳምጥ ብቻ ተከታተሏት። የሚልድረድ ንግግር አጭር ነው፤ ሥራው ያለው ማዳመጧ ላይ ነው። ዓይኗ ከቃሏ ይቀድማል። ደስታዋን እንኳን ቀስ ብላ ነው የምታወጣው፤ ቤተሰቡን እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል። እናቴ አብራኝ ስታይ «ይቺ ልጅ ምንም አላለችም እኮ፤ ግን ሁሉንም ነገረችን» አለች። ደብተሬ ላይ ከፊልሙ ስም አጠገብ ያለው የእናቴ ቃል ነው፤ ከዚያ የተሻለ ትችት አላገኘሁም።

መድረክን አትርሱ። ከፊልም ብቻ የሚጀምር ሰው የአየርላንድ ተዋናዮችን ግማሽ ታሪክ ያጣል። ደብሊን ውስጥ አቢ ቲያትር ከ1904፣ ጌት ቲያትር ከ1928 ጀምሮ አሉ፤ ጋልዌይ ውስጥ በ1975 የተመሠረተው ድሩይድ የተባለ የቲያትር ቡድን አለ። ሩት ከኦስካር እጩነቷ በኋላ ምን አደረገች? በ2018 ጌት ላይ ሐምሌትን ራሱን፣ ልዑሉን ሆና ተጫወተች። ጌት አራት መቶ ሰው እንኳን የማይዝ ቤት ነው። ሆሊውድ ደጁን የከፈተላት ሴት ወደ ትንሽ መድረክ የሄደችው ከባድ ሥራ ፈልጋ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለ መስመር ደብተራችሁ ላይ ሲገጥማችሁ በቀለም አስምሩበት። በ2022 ደግሞ ብሮድዌይ ላይ ሌዲ ማክቤዝን ሆና ለቶኒ ሽልማት ታጨች።

ወደ ባዶዎቹ ዓመታት ልመለስ። ኒኮላ ኮክላን በ2018 «ዴሪ ገርልስ» በተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ የአሥራዎቹ ዕድሜ ተማሪ ሆና ስትታይ ዕድሜዋ ሠላሳ አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት ጋልዌይ ውስጥ መነጽር ቤት በትርፍ ሰዓት ትሠራ ነበር። ዴኒዝ ጎፍ ደግሞ ዓመት ያህል የትወና ሥራ አጥታ ሙያውን ልትተው ጫፍ ደርሳ ነበር። በ2015 ለንደን ውስጥ አንድ ተውኔት አገኘች፤ በዚያው ሥራ በ2016 ኦሊቪዬ የተባለውን የብሪታንያ የቲያትር ሽልማት ወሰደች። ባዶው መስመር ደብተሩ ላይ ከሌለ የሚቀጥለው መስመር ምን ያህል እንደከበደ አይታይም።

አነጋገርን ለብቻው አዳምጡ። በመጀመሪያ ቃለ መጠይቋን ፈልጉና የገዛ ድምጿን ልመዱ፤ ከዚያ ወደ ፊልሙ። አየርላንዳዊት ተዋናይት በራሷ ዘዬ የምትጫወተው አልፎ አልፎ ነው። ኮክላን የጋልዌይ ልጅ ሆና በሰሜን አየርላንዷ ከተማ በዴሪ ዘዬ አወራች፤ በ«ብሪጀርተን» ደግሞ የለንደን መኳንንት ዘንድ ገባች። ሰርሻ ሮናን በ13 ዓመቷ ለኦስካር የታጨችው «አቶንመንት» በተባለው ፊልም ላይ እንደ እንግሊዝ ልጅ አውርታ ነው። በ2015ቱ «ብሩክሊን» ግን አየርላንዳዊት ሆነች፤ ያደገችበት ካርሎ ፊልሙ ከሚጀምርበት ከኤኒስኮርዚ ሩቅ አይደለም። ሁለቱን ተከታትላችሁ እዩ፤ ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይቀራል።

አሁን ገና እየወጣች ወዳለች አንዷ እንለፍ፤ አሊሰን ኦሊቨር። የኮርክ ልጅ ናት። የተማረችው ሊር አካዳሚ ነው፤ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሥር በ2011 የተከፈተ የድራማ ትምህርት ቤት። ተዋናዩ ፖል መስካል በ2017 ተመረቀበት፤ እሷ በ2020። የሊርን ስም አንዴ ከያዛችሁ በየዓመቱ የሚመረቁትን መፈለግ ትችላላችሁ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለሕዝብ ተውኔት ያሳያሉ፤ ወኪሎችና ተዋናይ መራጮች መጥተው ያያሉ።

የዳይሬክተሩና የሥራ ባልደረባዋ ዓምዶች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። «ኖርማል ፒፕል» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ በ2020 መስካልን ታዋቂ ሲያደርገው ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ሌኒ ኤብረሃምሰን ነበር። በ2022 «ኮንቨርሴሽንስ ዊዝ ፍሬንድስ» ላይ ኦሊቨርን ፍራንሲስ አድርጎ ያቀረበውም እሱው ነው። በ2023 ለንደን ናሽናል ቲያትር በብራየን ፍሪል ተውኔት ላይ ስትሠራ አብረዋት የነበሩት ሲቮን ማክስዊኒና ሉዊዛ ሃርላንድ ናቸው፤ ሁለቱም የ«ዴሪ ገርልስ» ሰዎች። በዚያው ዓመት «ሶልትበርን» ላይ እንግሊዛዊት ባለጸጋ፤ በ2025 ደግሞ ከማርክ ራፋሎ ጋር «ታስክ» ላይ አሜሪካዊት ፖሊስ። ስሞቹን በመስመር አገናኙ። ድሩ ራሱ ቀጥሎ ማንን ማየት እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር። አየርላንድ ለፊልም ሠሪዎች «ሴክሽን 481» የሚባል የግብር ቅናሽ ትሰጣለች፤ በመደበኛው ብቁ ከሆነው ወጪ 32 በመቶ ይመለሳል። ስለዚህ የውጭ ድርጅቶች መጥተው ይቀርጻሉ፤ በሚመጡበት ጊዜ አነስተኛ ገጸ ባሕርያትን ለአገሬው ተዋናዮች ይሰጣሉ። አየርላንድ ውስጥ የተቀረጸ ትልቅ ድራማ ስታገኙ መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር አቁማችሁ አንብቡ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ የተናገረችው ልጅ ስሟ እዚያ አለ።

ሽልማት ላይ ደግሞ አሸናፊዋን ብቻ አትዩ። የአየርላንድ ፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን፣ ኢፍታን፣ የእጩዎች ዝርዝር አውጡና «ረዳት ተዋናይት» የሚለው ሥር የማታውቁትን ስም ያዙ። ከዚያ ዝርዝር አንድ ስም፣ ከሊር ተመራቂዎች አንድ ስም ውሰዱና ለእያንዳንዳቸው አዲስ ገጽ ክፈቱ። ቲያትሩን በመጀመሪያ፣ ቴሌቪዥኑን ቀጥሎ፣ ፊልሙን መጨረሻ ላይ ጻፉ።