ራስ ምታት፣ የጠፋ ማንኪያ፣ የማይታይ ስንጥቅ፦ የጠፈር ጣቢያ ችግርና መፍትሄ

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይዞራል፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2000 ወዲህም ሰው ተለይቶት አያውቅም። እዚያ ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየሩ ነው። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ትኩስ አየር ወደ ላይ አይወጣም፣ ቀዝቃዛውም አይወርድም፤ ማራገቢያ ካልገፋው ባለበት ይረጋል።

ምልክት፦ ከእንቅልፍ ሲነቁ ራስ ምታት።
ምክንያት፦ ሌሊቱን ሲተነፍሱት ያደሩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊት ዙሪያ ተጠራቅሟል።
መፍትሄ፦ የመኝታዋ ክፍል ማራገቢያ መሥራቱ ይታይ፤ የአየር መውጫውን የሸፈነ ልብስ ወይም ቦርሳ ካለ ይነሳ። ሁሉም ሰው ራሴን ካለ ግን ችግሩ የአንድ ክፍል አይደለምና አየር የሚያጣራው መሣሪያ ይፈተሽ።

ምልክት፦ ማንኪያ ጠፋ።
ምክንያት፦ ሳይታሰር ተለቀቀ፣ አየሩ ወሰደው።
መፍትሄ፦ ጣቢያውን ማተራመስ አያስፈልግም። አየር የሚስበው ወንፊት ላይ ሄዶ ማየት ነው፤ ብዙ የጠፋ ዕቃ ውሎ አድሮ እዚያ ተለጥፎ ይገኛል።

ምልክት፦ የጣቢያው የአየር ግፊት በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል።
ምክንያት፦ አየር የሚያፈስ ስንጥቅ አለ፤ በዓይን ግን አይታይም።
መፍትሄ፦ በሮቹን ዘግቶ የትኛው ክፍል እንደሚያፈስ መለየት፣ ከዚያ ቦታውን ማደን። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍለጋው ዝቬዝዳ የተባለው የሩሲያ ክፍል ላይ ሲደርስ ሩሲያዊው ጠፈርተኛ አናቶሊ ኢቫኒሺን የሻይ ቅጠል በትኖ በሩን ዘጋ። ካሜራው ቅጠሉ ወዴት እንደተንሳፈፈ አሳየ፣ ስንጥቁም ተገኝቶ በቴፕ ተሸፈነ። ከስንት ውድ መሣሪያ መሃል ሻይ ቅጠል! እውነቱን ለመናገር ግን ያ ክፍል ከዚያም በኋላ ማፍሰሱን አልተወም።

አፍንጫ ሲደፈን፣ ፊት ሲያብጥና ምግቡ አልጣፍጥ ሲል ጥፋቱ የአየሩ አይደለም። የሰውነት ፈሳሽ ከእግር ወደ ራስ ስለሚሸሽ ነው። ጠፈርተኞች ይህን በሚያቃጥል ስጎ ይቋቋሙታል። ጨውና ቁንዶ በርበሬው ሳይቀር ፈሳሽ ነው፤ ሚጥሚጣ እንደ ዱቄት ቢነሰነስ ሰሃን ላይ ሳይሆን ዓይን ውስጥ ነበር የሚያርፈው።

ምልክት፦ ከጣቢያው ውጭ ሲሠሩ የራስ ቁር ውስጥ ውሃ።
ምክንያት፦ በጥድፊያ አይገመት። በጁላይ 2013 ከአንድ የውጭ ሥራ በኋላ ውሃ ሲታይ የመጠጥ ከረጢቱ አፍስሶ ነው ተብሎ ታለፈ። ከሳምንት በኋላ ጣሊያናዊው ሉካ ፓርሚታኖ ያንኑ ልብስ ለብሶ ሲወጣ ውሃው ዓይኑንና አፍንጫውን ሸፈነው፤ የማሰሪያ ገመዱን ተከትሎ በዳበሳ ተመለሰ። ለካ ውሃና አየር የሚለየው የልብሱ ክፍል ተደፍኖ የማቀዝቀዣው ውሃ በአየር መስመሩ በኩል ወደ ራስ ቁሩ ይገባ ኖሯል።
መፍትሄ፦ ሥራው ወዲያው ተቋርጦ መመለስ፤ ልብሱም እውነተኛው ምክንያት እስኪታወቅ እንዳይለበስ። ከዚያ ወዲህ የራስ ቁሩ ውስጥ ውሃ የሚመጥ ንጣፍ ተደርጓል፤ ውሃ አፍንጫን ቢደፍን እንኳ ከልብሱ የታችኛው ክፍል አየር የሚሳብበት ቱቦም ተጨምሯል።