ብሬስ ያሰራችሁ፣ ድዳችሁ ሲያብጥና ሲደማ

ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ካሰራችሁ በኋላ ድዳችሁ ቀልቶ ካበጠ፣ ስትቦርሹም ከደማ፣ መቦረሹን አታቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደማው በሽቦውና በድዱ መካከል ተለጥፎ የቆየው ቆሻሻ ስለሆነ፣ ቡርሹን ስትተዉት ይብስበታል።

ለስላሳ ቡርሽ ያዙ። ጸጉሩን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ፣ መጀመሪያ ከሽቦው በላይ፣ ከዚያ ከሽቦው በታች፣ ሳትጫኑ ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ 2 ደቂቃ ቦርሹ። በሽቦው ስር የምታልፈዋ ቀጭን የጥርስ መሃል ቡርሽ ፋርማሲ ከተገኘች ግዟት፤ ተራው ቡርሽ የማይደርስበት ትደርሳለች። መፋቂያ ግን ለጊዜው ይቅር፤ ቃጫው እየተበጣጠሰ ሽቦው ውስጥ ይሰካል፣ ጠንከር ካለም ብራኬቱን (ጥርሱ ላይ የተለጠፈችውን የሽቦ መያዣ) ሊነቅል ይችላል።

ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ 30 ሰከንድ ተጉመጥመጡና ትፉት፤ በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ። ጨው ማብዛት ድዱን ያቃጥላል እንጂ ቶሎ አያድነውም። ሽቦው ከወጋችሁ ቦታውን አድርቃችሁ የብሬስ ሰም ለጥፉበት።

ድሬ ላይ በርጫ የምትቀመጡ ደግሞ፣ የጫቱ ድቃቂ ብራኬቱ ዙሪያ ተጣብቆ ይውላል፤ ስኳርና ለስላሳ ሲጨመርበት ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ቢቀር ይሻላል። ካልሆነም ገራባው ሳይጠረግ አፋችሁን በውሃ ታጠቡ፣ ማታም ሳትቦርሹ አትተኙ።

በ1 ሳምንት ካልቀነሰ የጥርስ ሐኪም ይየው። መግል፣ ትኩሳት ወይም የፊት እብጠት ካለ ግን በዚያው ቀን ሂዱ።