«30 በመቶ» ያለውን ትንበያ እንዴት እንፈትሸው?
ደብረ ብርሃን ነኝ። ስልኬ «30 በመቶ ዝናብ» አለኝና የበልግ ገብሴን እንደተሰጣ ትቼው ወጣሁ፤ ስመለስ ሽምብራ የሚያክል በረዶ ወርዶበታል። ግን በአንድ ቀን ብቻ «ዋሸ» አይባልም፣ 30 እኮ ዜሮ አይደለም።

ደብተር ያዙ። ጠዋት ትንበያውን ጻፉ፣ ማታ ደጃችሁ ላይ ከዘነበ 1፣ ካልዘነበ 0። የጎረቤት ከተማ አይቆጠርም፤ ጣርማበር ጉም ለብሶ ደብረ ሲና ፀሐይ ሊሆን ይችላላ! ክረምቱ ሲወጣ 70 የተባለባቸውን ቀናት ለዩ፤ ከ10ሩ 7 ያህሉ ከዘነበባቸው ደህና ነው።

ነጥብ ለመስጠት የአየር ጠባይ ተመራማሪው ግሌን ብራየር እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ስሌት አለ፦ 0.7 (70 በመቶ) ተብሎ ከዘነበ ከ1 ያለው ልዩነት 0.3፣ በራሱ ሲባዛ 0.09። የሁሉንም ቀን አማካይ ውሰዱ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በሐምሌ «ይዘንባል» ማለት ግን ለማንም አይከብድም፤ ስለዚህ በየቀኑ 90 ከሚል ሰነፍ ገማች ጋር አወዳድሩት። በረዶ አልፎ አልፎ ስለሚጥል ለብቻው ገጽ ስጡት፣ ብዙ ክረምትም ጠብቁ።