በኢክሊፕስ ላይ የሠራችሁት ቪው አልታይ ሲል

ለኢክሊፕስ፣ ማለትም ለኮድ መጻፊያው ፕሮግራም፣ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ሠርታችሁ ቪው (በመስኮቱ ውስጥ የሚከፈት ንዑስ ክፍል) ጨመራችሁበት እንበል። ኮዱ ላይ አንድም ቀይ መስመር የለም፤ ቪዋችሁ ግን የለም። ኮዱን ደጋግማችሁ ከማገላበጣችሁ በፊት «ኤረር ሎግ» የሚለውን፣ ስህተቶች የሚመዘገቡበትን ቪው ክፈቱ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

የቪዋችሁ ስም «ሾው ቪው» በሚለው የቪዎች ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ ከሌለ፣ ኢክሊፕስ ቪው መኖሩንም አላወቀም። ክላስ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ፕለጊን ኤክስኤምኤል ፋይል ላይ መመዝገብ አለበት። ተመዝግቦም ካልመጣ ማኒፌስቱን (የፕለጊኑን መግለጫ ፋይል) እዩ። የፕለጊኑ መለያ ስም ካለበት መስመር ላይ «ሲንግልተን» ትሩ ካልተባለ ምዝገባው ይዘለላል።

ከሁሉም የሚያደክመው ይሄኛው ነው፦ ስትሞክሩት ይሠራል፣ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ስትጭኑት ግን ድራሹ ይጠፋል። ኤረር ሎግም ላይ ምንም ላይኖር ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሙከራ ጊዜ ኢክሊፕስ የሚያነበው ከፕሮጀክቱ ፎልደር ነው። ጃሩ (ኤክስፖርት ሲደረግ የሚወጣው የታሸገ ፋይል) ውስጥ ከክላሶቹ ጋር የሚገባው ግን ቢልድ ፕሮፐርቲስ ፋይል ላይ፣ «ቢን ኢንክሉድስ» በሚለው ሥር የተዘረዘረው ነው። ጃሩን እንደ ዚፕ ከፍታችሁ ተመልከቱት። ፕለጊን ኤክስኤምኤል ውስጡ ከሌለ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ዝርዝሩ ላይ ጨምሩትና እንደገና ኤክስፖርት አድርጉ። የአይኮን ፎልደሩንም አትርሱ፤ እሱም በዚሁ መንገድ ይቀራል። ከዚህ በኋላም የድሮው ነገር ካልለቀቀ፣ ኢክሊፕስን በ«ክሊን» አማራጭ አስነሱት።

ቪው ተከፍቶ በቦታው የስህተት መልእክት ከመጣ፣ መጀመሪያ የክላሱን ስም ጠርጥሩ። ፓኬጅ ስትቀይሩ ኤክስኤምኤሉ ላይ የድሮው ስም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስሙ ከነፓኬጁ ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ስሙ ልክ ከሆነ ስህተቱ ቪውን የሚገነባው ሜተድ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ሎጉ ላይ የመጨረሻውን «ኮዝድ ባይ» የሚል፣ የስህተቱን መነሻ የሚናገር መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ።

ባዶ ሆኖ ከተከፈተስ? ውስጡ የጨመራችሁት ኮምፖዚት (በተኖቹን የሚይዘው ሳጥን) ሌይአውት (የአቀማመጥ ደንብ) የለው ይሆናል። ሌይአውት ከሌለ በተኖቹ መጠናቸው ዜሮ ሆኖ ይቀራል። አሉ፣ ግን አይታዩም። ፊል ሌይአውት ወይም ግሪድ ሌይአውት ስጡት።

«ኢንቫሊድ ትሬድ አክሰስ» የሚል ካያችሁ ደግሞ፣ ከጀርባ የሚሠራ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ስክሪኑን በቀጥታ ነክቶታል። ያችን ስክሪኑን የምትነካውን የኮድ መስመር ብቻ በዲስፕሌይ ክላስ «ኤሲንክ ኤግዜክ» ሜተድ ውስጥ አስገቧት። ከባዱን ሥራ እዚያ አትጨምሩ፤ ኢክሊፕስ ራሱ ይደርቅባችኋል።