ዶን ዊሊያምስን በጊታር ለመዝፈን ጩኸት አያስፈልግም

ጊታር ገዝታችሁ ካንትሪ (የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ) መሞከር ያማራችሁ ልጆች በአሜሪካዊው ዘፋኝ በዶን ዊሊያምስ ጀምሩ። ሌላው የካንትሪ ዘፋኝ ኬኒ ሮጀርስ ይቆያችሁ፣ የሱን ሻካራ ድምፅ የሚኮርጅ ጀማሪ ጉንፋን የያዘው ነው የሚመስለው ሃሃ።

ጊታሩን ቃኙ፣ ለዚህ ነጻ የስልክ አፕ ሞልቷል። ከዛ ጂ፣ ሲ እና ዲ ኮርድን (ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ነው) ጣታችሁን ሳታዩ እስክትቀያይሩ ድረስ ደጋግሙ፣ በነዚህ ሶስት ብቻ ስንት ዘፈን ትነካላችሁ መሰላችሁ። ቀኝ እጅ ላይ አውራ ጣት ወፍራሙን ክር ይመታል፣ ሌሎቹ ጣቶች ቀጫጭኖቹን ነካ ያደርጋሉ፣ ከዛ አውራ ጣት ወደ ሌላ ክር ይሄዳል (ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው፣ በጣም ወፍራሙ ስድስተኛ ነው)፦ ጂ ከሆነ ስድስተኛው ከዛ አራተኛው፣ ሲ ከሆነ አምስተኛው ከዛ አራተኛው። አትቸኩሉ።

አስቸጋሪው ድምፅ ነው። እኛ ትዝታ እየሰማን ስላደግን የቃሉ መጨረሻ ካልተርገበገበ የዘፈንን አይመስለንም። እኔ ካዛንቺስ ጓደኛዬ ልደት ላይ ዶንን ሳንቆረቁረው አባቱ ጋሼ ከሶፋቸው ሳይነሱ "ልጄ፣ ዶን እኮ አያለቅስም፣ ያወራል" አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞተ፣ ግን ልክ ነበሩ።

ሰውየው በ1939 እ.ኤ.አ ቴክሳስ ፍሎይዳዳ ነው የተወለደው፣ ብቻውን ከመውጣቱ በፊት ፖዞ ሴኮ ሲንገርስ ከሚባል የፎልክ ቡድን ጋር ይዘፍን ነበር፣ እና እኔ እንደሚመስለኝ ግጥሙን ረጋ ብሎ ማድረስ እዛ ነው የለመደው። ሳይጮህ 17 ዘፈኖቹ የካንትሪ ቻርት 1ኛ ወጥተዋል፣ በ2010 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ገባ፣ በ2017 በ78 አመቱ እስኪያርፍ ድረስም "ጄንትል ጃይንት" (ገራሙ ግዙፍ) እንደተባለ ነው።

ስለዚህ ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ ቡና ላይ ለጎረቤት እንደምታወሩት በሉት። ከዛ ዜማውን ጨምሩና የመጨረሻዋን ቃል ሳትጎትቱ ተዉአት። በስልክ ቅዱትና ስሙት፣ ያሳፍራል ግን ስሙት።

የሱ ድምፅ በጣም ወፍራም ስለሆነ አልወርድ ካላችሁ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንዴ የሚጫን መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ አድርጉ፣ ድምፁ ከፍ ይልላችኋል፣ የጂ አያያዛችሁ ኤ ሆኖ ይወጣል። ካፖ ከሌላችሁ እርሳስ ክሮቹ ላይ አጋድማችሁ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ እኔ ለአንድ አመት የተጫወትኩት የታናሽ እህቴን ጥርስ ባረፈበት እርሳስ ነው።